ጤናን መሠረት ያደረገ የታዳጊዎች የአካል ብቃት መመዘኛ አወጣጥ፦ ለወሎ ትምህርት ቤቶች የቀረበ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በወሎ ከተሞችና ገጠሮች ለሚያስተምሩ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ ከእነርሱ ጋር ለሚሠሩ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች እና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሩጫና የዝላይ ፈተና ሲሰጥ ነጥቡ የሚያዘው ተማሪው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተወዳድሮ ባገኘው ደረጃ ነው፤ ቀድሞ የገባው ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ ኋላ የቀረው ዝቅተኛውን ይወስዳል። እንዲህ ያለው አሠራር ፈጣኑን ከዘገምተኛው ይለያል እንጂ ልጁ ለጤናው የሚበቃ አቅም ያለው መሆኑን አይነግረንም። በየቀኑ ዳገት ወጥተው፣ ቁልቁለት ወርደው የሚመጡ ልጆች በሞሉበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ጤነኞች ቢሆኑ እንኳ ግማሽ የሚሆኑት ከመካከለኛው በታች መውደቃቸው አይቀርም። ሁሉም የደከሙበት ክፍል ቢሆን ደግሞ ግማሾቹ «ጥሩ» ተብለው ይመዘገባሉ። ጤናን መሠረት ያደረገ መመዘኛ ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ልጅ ያለው አቅም ከበሽታና ከጉዳት ሥጋት ለመራቅ ይበቃዋልን?

በአሜሪካም የተጀመረው በውድድር መንፈስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የወጣቶች የአካል ብቃት ምክር ቤት ካቋቋሙ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሽልማት ይሰጥ የነበረው ከእኩዮቹ መካከል 85 ከመቶውን ለሚበልጥ ልጅ ነበር። በዳላስ የሚገኘው የኩፐር ተቋም ፊትነስግራም የተባለውን የተማሪዎች የአካል ብቃት መመዘኛ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1987 ከደረጃ አሰጣጥ አውጥቶ በጤና መስፈርት ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ ብዙ ትምህርት ይሰጣል፤ ነገር ግን በቂ አቅም ያለውን ከሌለው የሚለዩት መስመሮች በአመዛኙ የተሰመሩት ዋና ችግራቸው ከመጠን ያለፈ ውፍረት በሆነ ልጆች ላይ በመሆኑ ወደ ደሴ ወይም ወደ ቆቦ እንዳሉ ሊገለበጡ አይችሉም።

አንደኛ፦ ለየትኛው የጤና ችግር እንደምንመዝን መወሰን

መስመር ከመሰመሩ በፊት የጤና ባለሙያውና መምህሩ ተቀምጠው የሚጠብቁትን የጤና ውጤት በጽሑፍ ማስፈር አለባቸው። በውጭ አገር ጥናቶች ውስጥ የተለመደው የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ የደም ቅባትና የወገብ ዙሪያ በአንድነት የሚታዩበት የልብና የደም ሥር ሥጋት ነው። በእኛ አካባቢ በዚህ ላይ ቢያንስ ሁለት ነገሮች መጨመር አለባቸው፤ እነርሱም የምግብ እጥረትና የደም ማነስ ናቸው። ደም ያነሰው ልጅ ቶሎ የሚደክመው ስንፍና ኖሮበት አይደለም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ልምምድ ሳይሆን ምርመራ ነው። በቆላው ወባ፣ ልጆች በሚዋኙባቸው ውኆች አካባቢ ደግሞ ቢልሃርዚያ የዚህ ድካም ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ መዘንጋት የለበትም።

የደም ማነስን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ በከፍታ ቦታ ብዙ ጊዜ ስለሚጨምር ልኩ ለከፍታ ተብሎ ማስተካከያ ይደረግበታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖሩት እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። ስለዚህ የተመረመረው መጠንና ማስተካከያው ያለፈበት መጠን ሁለቱም በመዝገቡ ላይ ተለይተው ይጻፉ፤ ውሳኔውም ለጤና ባለሙያው ይተው።

ሁለተኛ፦ ፈተናዎቹን መምረጥ

የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዘገባ ከጤና ጋር ያላቸው ግንኙነት በበቂ ማስረጃ የተደገፈ ብሎ ለአገር አቀፍ ጥናት ያቀረባቸው ጥቂት ናቸው፦ ለልብና ለሳንባ የ20 ሜትር የማመላለስ ሩጫ (በ20 ሜትር በሚራራቁ ሁለት መስመሮች መካከል፣ በየደረጃው እየፈጠነ በሚሄድ ድምፅ እየተመሩ መመላለስ)፣ ለጡንቻ የእጅ የመጨበጥ ጥንካሬና ቆሞ ወደ ፊት መዝለል፣ ለሰውነት ይዘት ደግሞ የክብደትና የቁመት ንጽጽር፣ የወገብ ዙሪያና የቆዳ ሥር ስብ ውፍረት። ተቀምጦ የእግር ጣትን መንካት የመሳሰሉት የመተጣጠፍ ፈተናዎች በታዳጊዎች ዘንድ ከጤና ጋር ያላቸው ትስስር በቂ ማስረጃ ስላልተገኘለት ተትተዋል። በክፍል ውስጥ ለማስተማሪያነት ይቆዩ፤ የጤና መስመር ግን አይሰመርባቸው።

የመጨበጥ ጥንካሬን የሚለካው መሣሪያ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የለም። ስለዚህ ሩጫው፣ ዝላዩ፣ ክብደቱና ቁመቱ ለመነሻ ይበቃሉ። ዝላዩ ግን በፍጹም መቅረት የለበትም፤ ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ። ቁመቱ 1.56 ሜትር፣ ክብደቱ 36 ኪሎ የሆነ አንድ የ13 ዓመት ወንድ ልጅ እንውሰድ። ክብደቱ ለቁመቱ ስኩዌር ሲካፈል 14.8 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሠንጠረዥ ልክ 13 ዓመት ለሞላው ወንድ የቅጥነት ወሰኑ 14.9 ነው፤ ልጁ ከወሰኑ በታች ነው ማለት ነው። በሩጫው ግን በሰዓት 10.5 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበትን ደረጃ ቢያጠናቅቅ የኦክስጅን አቅሙ (በከባድ ሩጫ ጊዜ ሰውነቱ ሊጠቀምበት የሚችለው ኦክስጅን፤ አሰላሉ በሦስተኛው ክፍል ይመጣል) ወደ 43.8 ይደርስና «ጤናማ» የሚል ምልክት ይደረግለታል። የኦክስጅን አቅም ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ስለሚሰላ ቀላል ሰውነት ያለው ልጅ ውጤቱ ከፍ ይላል፤ የጡንቻው መመናመን ደግሞ ከዚያ ቁጥር ጀርባ ይደበቃል፤ የጡንቻውን ጉልበት የሚያሳየን ዝላዩ ነው። ለሰውነት ይዘት መስመሩ ታችም ላይም መኖር አለበት የምንለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለዚሁ ዕድሜ የላይኛው ወሰን 20.8 ነው።

ሦስተኛ፦ ጊዜያዊ መስመር መዋስ

የራሳችን መረጃ እስኪሰበሰብ ድረስ የተዋስነው መስመር ጊዜያዊ መሆኑ በግልጽ ተጽፎበት ሥራ ላይ ይውላል። ከመዋስ በፊት ግን ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ ልዩነታቸው ራሱ ያስተምራልና።

የማመላለስ ሩጫውን በሞንትሪያል የነበሩት ሉክ ሌዤ እ.ኤ.አ. በ1982 አስተዋወቁት፤ በ1988 ደግሞ ከሩጫው ፍጥነት የኦክስጅን አቅምን የሚገምት ቀመር አወጡ። ቀመሩ እንዲህ ነው፦ 31.025 + (3.238 × ፍጥነት) − (3.248 × ዕድሜ) + (0.1536 × ፍጥነት × ዕድሜ)። ፍጥነቱ ልጁ ያጠናቀቀው የመጨረሻ ደረጃ በሰዓት ኪሎ ሜትር ሲሆን ዕድሜው በዓመት ነው። ውጤቱ በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ክብደት የሚደርስ የኦክስጅን ሚሊ ሊትር ነው።

በዚህ ስሌት የ13 ዓመት ልጅ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢያቆም 41.1 ያገኛል። በፊትነስግራም ለዚህ ዕድሜ የወንዶች ወሰን 41.1 ነው፤ ስለዚህ ልጁ ያልፋል። ከ14 አገሮች የተሰበሰበ መረጃን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ትንተና ግን ለወንዶች 42፣ ለሴቶች 35 የሚለውን የሥጋት መነሻ አድርጓል፤ በእርሱ ያው ልጅ ሥጋት ካለባቸው ወገን ይመደባል። ሴቷን ስንወስድ ነገሩ ይገለበጣል። የ13 ዓመት ልጅ በ9.5 ስታቆም 38.5 ታገኛለች፤ የፊትነስግራም ወሰን 39.7 በመሆኑ አታልፍም፣ በ35 ግን በሰፊ ልዩነት ታልፋለች። አንድ ልጅ፣ አንድ ሩጫ፣ ሁለት ፍርድ። ፊትነስግራም የራሱን ቀመር ስለሚጠቀም የሌዤን ቀመር ከእርሱ ወሰን ጋር ማጋጠም ለመነሻ ያህል ብቻ እንደሆነም መታወቅ አለበት። በተጨማሪ የአንድ ደረጃ ለውጥ በዚህ ዕድሜ 2.6 ያህል ስለሚያንቀሳቅስ፣ ከወሰኑ አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ልጅ ላይ በአንድ ቀን ሩጫ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ለዝላይና ለመጨበጥ ጥንካሬ በታዳጊዎች ላይ የጤና መስመር ገና በሚገባ ስላልተረጋገጠ፣ ከላይ የተጠቀሰው የ2012 ዘገባ ለጊዜው ከታች 20 ከመቶ ላይ መስመር እንዲሰመር ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ዞሮ ዞሮ የደረጃ አሰጣጥ ስለሆነ የራሳችን መረጃ እንደተገኘ ቶሎ መተካት ያለበት ነው።

አራተኛ፦ ዕድሜን ማጣራት፣ ደኅንነትን ማረጋገጥ

መስመሮቹ ሁሉ በዕድሜ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ አብዛኞቹ ተማሪዎች የልደት ሰነድ የላቸውም። የመዝገብ ቤቱን ዕድሜ ብቻ አይመኑ፤ እናትን ወይም አያትን ይጠይቁ። «በጥምቀት ሰሞን» ወይም «አጨዳ ላይ» የሚል መልስ ወሩን በደህና ያቀርባል። መውሊድና ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ ስለሚመጡ ዓመቱ ሳይታወቅ ወሩን አያመለክቱም። የልደቱ ቀንና የፈተናው ቀን በአንድ የዘመን አቆጣጠር ይጻፉ፤ ዕድሜውም በሙሉ ዓመትና ወር ይሰላ።

ከሩጫው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይጠየቅ፦ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ያውቃል? ደረቱን ያመዋል? ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል? ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው አብጦ ያውቃል? በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? አስም ወይም የሚጥል በሽታ አለበት? በአገራችን የቁርጥማት የልብ ሕመም ገና ብዙ ልጆችን የሚጎዳ ስለሆነ ከእነዚህ አንዱን እንኳ «አዎ» ያለ ልጅ ጤና ጣቢያ ሳይታይ አይሮጥም። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ቸልታ ሊኖር አይገባም።

የፈተናው ወር ሲመረጥ ጾሙ ይታሰብ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተዋል፤ እንዲህ ባለ ዓመት የሁለቱም እምነት ልጆች በአንድ ቤንች በሚቀመጡበት ትምህርት ቤት የካቲትንና መጋቢትን መዝለል ይገባል። ኅዳርና ታኅሣሥ ዝናቡ ስለሚያቆም ለሜዳውም ይመቻሉ፤ ሆኖም በገጠር የአጨዳና የውቂያ ሥራ ልጆቹን እንደሚያደክማቸው ከግምት ይግባ።

አምስተኛ፦ ሜዳውና ድምፁ

ተዳፋት ያልሆነ ግቢ በደሴም በላስታም ማግኘት ቀላል አይደለም። የሩጫው መስመር ሁልጊዜ ከተዳፋቱ ጋር አግድም ይዘርጋ እንጂ ሽቅብና ቁልቁል አይሁን፤ ከግንበኛ ውኃ ልክ ተውሶ ማየት ከዓይን ግምት ይሻላል። ርቀቱ 20 ሜትር የሚለካው በብረት ሜትር ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል። ሁለቱ ጫፎች በኖራ ይሰመሩ፤ ከመስመሮቹ ኋላ ቢያንስ ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ይተው፤ ጠጠሩም ይጠረግ፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሲዞሩ ነውና። ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ሜትር ስፋት ይበቃል። በአንድ ዙር ከስምንት በላይ ልጆች ባይሮጡ መዝጋቢው ሁሉንም ማየት ይችላል።

ድምፁ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ስፒከር ሊወጣ ይችላል። በየስልኩ የሚዞሩት ቅጂዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዱ በ8.0፣ አንዳንዱ በ8.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምራል። ስለዚህ ከፈተናው አስቀድሞ በስልክ ሰዓት ይለኩት። በ8.5 የሚጀምር ከሆነ በመጀመሪያው ደቂቃ በሁለት ድምፆች መካከል 8.5 ሰከንድ ያህል ይኖራል፤ በሁለተኛው ደቂቃ 8፣ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ 7.2 ሰከንድ ይሆናል። በየደቂቃው ፍጥነቱ በ0.5 ይጨምራል። ልጁ ድምፁ ሳይሰማ በፊት መስመሩን መርገጥ አለበት፤ ሳይደርስ ለሁለተኛ ጊዜ የቀረ ልጅ ያቆማል፣ የተጠናቀቀው የመጨረሻ ደረጃም ይመዘገባል።

ሴቶች ልጆች ከወንዶች ተለይተው፣ ሴት መምህርት ወይም ሴት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እየመዘገበች ቢሮጡ የተሻለ ነው። ሻርፕ ወይም ሒጃብ ያደረገች ልጅ እንድታወልቅ አትጠየቅም፤ ሰፋ ያለ ሱሪ ከበቂ በላይ ነው። ክብደትና ቁመት በተዘጋ ክፍል ይለካ፤ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ አይጠራ።

ስድስተኛ፦ ከፍታን በልኩ ማየት

ደሴ ወደ 2500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850፣ ቆቦ ወደ 1500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በደሴ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ አራት አምስተኛ ያህል ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው የአንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ደሴ በ9.5 ያቆመ ልጅ ኮምቦልቻ ወርዶ ቢሮጥ አንድ ደረጃ ሊጨምር ይችላል። ቀመሩ ለደጋ የተሠራ ስላልሆነ «ለከፍታ» ተብሎ በዘፈቀደ ነጥብ መጨመር ግን አይገባም፤ ደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ከቆላ ከመጣ እንግዳ እኩል አይደክምምና። የሚሻለው የደጋ፣ የወይና ደጋና የቆላ ትምህርት ቤቶችን መዝገብ ለየብቻ ይዞ መስመሩን በየራሳቸው መረጃ ማጣራት ነው። በቆላው ከከፍታው ይልቅ ሙቀቱ ስለሚከብድ ሩጫው ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ይጀመር፣ ውኃም ይቅረብ።

ሰባተኛ፦ የራሳችንን መስመር ማስመር

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ብቻውን የሚቆም ትምህርት ቤት ሊሠራው አይችልም። ሥጋት ያለባቸው ልጆች ቁጥር በጣት የሚቆጠር ከሆነ መስመሩ በአጋጣሚ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ የወረዳው ትምህርት ቤቶች መረጃቸውን ያስተባብሩ፣ ለስሌቱ የወሎ ወይም የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችን ትብብር ይጠይቁ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ወይም በምስክር ፊት በቃል ይወሰድ።

አሠራሩ ይህ ነው። ልጆቹ በሩጫ ይለካሉ፤ በዚያው ሳምንት የደም ግፊታቸው፣ ሄሞግሎቢናቸውና የሰውነት ይዘታቸው በጤና ባለሙያ ይታያል። ከዚያ የተለያዩ መስመሮች እየተሞከሩ እያንዳንዱ ሥጋት ካለባቸው ስንቱን እንደያዘ፣ ከጤነኞቹም ስንቱን ያለ ጥፋታቸው እንደጨመረ ይቆጠራል። ለምሳሌ ያህል 200 ልጆች ተለክተው 20ዎቹ ሥጋት ያለባቸው ሆነው ተገኙ እንበል። ከፍ ያለ መስመር ከ20ዎቹ 16ቱን ይይዛል፤ ከ180ዎቹ ጤነኞች ግን 45ቱን አብሮ ያስገባል፤ በጠቅላላው 61 ልጆች ይጠቆማሉ፣ ከእነርሱ በእርግጥ የሚያሠጉት 16 ብቻ ናቸው። ዝቅ ያለ መስመር ደግሞ 10ሩን ብቻ ይይዛል፤ ከጤነኞቹ የሚያስገባው ግን 9 ነው።

የትኛው ይሻላል? መልሱ ከመስመሩ በኋላ በሚመጣው ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። የተጠቆመው ልጅ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ተጨማሪ የእንቅስቃሴ ክፍለ ጊዜ ከሆነ 45 ጤነኛ ልጆች ቢገቡበት የሚጎዳ የለም። የሚከተለው አባትዮው ገበያውን ትቶ ልጁን ይዞ ሆስፒታል መሄድ ከሆነ ግን 45 ቤተሰብ በከንቱ ማንገላታት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት መስመር ይሰመር፦ ከላይኛው በላይ ያለው በቂ አቅም ያለው፣ በመካከል ያለው ተጨማሪ እንቅስቃሴ የሚያስፈልገው፣ ከታችኛው በታች ያለው ምርመራ የሚያስፈልገው። ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ የሚከተለው ሥራና ሠሪው ካልታወቀ ያ መስመር አይሰመር።

ስምንተኛ፦ መስመሩ በሁለት ቀን አንድ ፍርድ መስጠቱን መፈተሽ

ከተፈተኑት 50 ያህሉን በሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ሜዳ ዳግም ያስሩጡ። በሁለቱም ቀን በአንድ ምድብ የወደቁት 43 ቢሆኑ ስምምነቱ 86 ከመቶ ነው፤ ይህ ደህና ነው። በእኔ አስተያየት ከ80 በታች ከሆነ ችግሩ ከልጆቹ ሳይሆን ከሜዳው፣ ከድምፁ ወይም ከመዝጋቢው ነው፤ መስመሩን ከመቀየር በፊት እነዚህ ይፈተሹ።

ዘጠነኛ፦ ውጤቱን መንገር

ውጤቱ ለልጁ የሚነገረው ለብቻው ነው። «ቲቸር፣ ወደቅኩ?» ብላ ለምትጠይቅ ልጅ መልሱ «ይህ የሚወደቅበት ፈተና አይደለም፤ ሦስት ደቂቃ ሮጠሻል፣ አራተኛውን ለመጨረስ እስከ ሚያዝያ አብረን እንሠራለን» የሚል ይሁን። የሩጫው ቁጥር ወደ ሰርተፍኬት ነጥብ አይለወጥ፤ ነጥቡ ለተሳትፎና ለትጋት ይሰጥ። ለወላጅ የሚላከው ወረቀት አጭርና በአክብሮት የተጻፈ ይሁን፦ «የተከበሩ ወላጅ፣ ልጅዎ በሩጫ ፈተናው ቶሎ እንደሚደክም አይተናል። ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የደም ማነስ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ለማወቅ በሚቀጥለው ሳምንት ጤና ጣቢያ እንዲያስመረምሩት በትሕትና እንጠይቃለን።» ማንበብ ለማይችል ወላጅ በወላጅ መምህር ኅብረት አባል ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል በቃል ይድረስ።

መዝገቡ በቁልፍ ይቀመጥ፤ በየገጹም የሜዳው ከፍታ፣ ሩጫው የተጀመረበት ሰዓት፣ የድምፁ መነሻ ፍጥነት፣ ጥቅም ላይ የዋለው ቀመርና የመዝጋቢው ስም ይስፈር። በየሦስት ዓመቱ የወረዳው ባለሙያዎች ተሰብስበው ከታችኛው መስመር በታች የተገኙት ልጆች በጤና ጣቢያ ምርመራ ምን እንደተገኘባቸው ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ፤ ከተላኩት መካከል አብዛኞቹ ጤነኞች ሆነው ከተገኙ መስመሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ፤ በመካከለኛው ምድብ ከቀሩት መካከል የታመሙ ከተገኙ ደግሞ ከፍ ያድርጉት።